አጋፋሪ በረንዳውን አይለቅም

አጋፋሪ ከትሁት ጋር ታርቋል። ሰላምታም ሳላቀርብ ይህ ቀድሞ ይጻፍልኝ። ውሻዬ ትናንት በረንዳው ላይ፣ የልጅ ልጄ ከተኛችበት ሰሌን አጠገብ አገጩን መሬት ላይ አሳርፎ ተጋደመ፤ ልጄ ኢሳያስ ሊያነሣት እጁን ቢሰድ አጕረመረመበት።

እንግዲህ እኔ ወይዘሮ ሊሻን ሀብተሚካኤል፣ የአርባ ምንጭ ሴቻ ነዋሪ፣ ሆዴን ቢቆርጠኝም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በቤቴ በምስክሮች ፊት ተናዝዣለሁ። የሐሞት ጠጠሬን ለማስወጣት ቀጠሮ አለኝ፤ ብመለስ እሰየው፣ ባልመለስ ቃሌ ይኸው።

መኖሪያ ቤቴን ለልጄ ለመክሊት አውርሻለሁ። በረንዳው ግን አጋፋሪ በሕይወት እስካለ የእርሱ ነው። አባታችሁ ካረፈ ወዲህ ያን በር የጠበቀልኝ እርሱ ነው። መክሊት ስትወልድ ጠያቂ በዛና ጓሮ አሰርነው፤ ጥፋቱ ከዚያ ጀመረ። ልጅቱ ስትገባ እርሱ ሰንሰለት ገባ፤ ታዲያ እንዴት ይውደዳት? ሲፈታ የትሁትን ጋቢ ከገመድ ላይ አውርዶ ጭቃ ውስጥ ቦጫጨቀው። መክሊት «እማዬ፣ ወይ እሱ ይውጣ፣ ወይ እኔ ልጄን ይዤ ልውጣ» አለች። ኢሳያስም «ጫኖ ወስጄ እጥለዋለሁ» ብሎ ጆንያ ይዞ መጣ። ጋቢውን የሠራው ጎረቤቴ ጋሽ ኤርጫፎ «እንደ ጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዤ ላስታርቃቸው?» እያለ ሳቀብኝ። ቤቴ ሊበተን ነበር።

እኔ ሰንሰለቱን ፈታሁ። የትሁትን መጠቅለያ እንዲያሸተው ሰጠሁት። ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣለትን የዓሣ ጭንቅላት እሷ ጭኔ ላይ ሳለች ብቻ እሰጠው ጀመር። መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶን ይበላ ነበር፤ በኋላ የእሷን ለቅሶ ሲሰማ ጅራቱን እየቆላ መምጣት ጀመረ። ጸሐፊዬ ጌታነህ «እትዬ፣ ይህ እንኳ ኑዛዜ ውስጥ አይገባም» ይለኛል። ይገባል፣ ጻፍ። ከእኔም በኋላ እንዲሁ ይደረግ፤ ልጅቱን ግን ብቻዋን አትተዉለት፣ ቢታረቅም ውሻ ነው።

የጫኖውን የማንጎ ማሳ ለኢሳያስ አውርሻለሁ። ጆንያውንም ጨምሬለታለሁ፤ ማንጎ ይልቀምበት። የዓሣውን ጭንቅላት የሚያመጣውም እርሱ ይሁን።

የአባታችሁ ሬዲዮ ለጋሽ ኤርጫፎ ይሰጥ፤ ድሮም ዓይኑ እዚያ ላይ ነበር። ወራሽ ስለሆነ ምስክር አይሆንም፤ ቁጭ ብሎ ይሳቅ።

የተቦጫጨቀው ጋቢ የአጋፋሪ ምኝታ ይሁን።

ልጆቼ፣ አዲስ ሰው ወደ ቤት ሲገባ የቆየውን ወደ ጓሮ አትግፉ። ሌላ ምክር የለኝም።

ቃሌ በምስክሮች ፊት ተነቦልኝ፣ የተናገርሁት መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።
ሊሻን ሀብተሚካኤል (ፊርማ)

ስትናገር ሰምተን፣ ሲነበብላትም ቆይተን ፈርመናል፦
ወ/ሮ ሻሺቱ ይፍሩ (ፊርማ)
ወ/ሮ ልክነሽ ዘርአብሩክ (ፊርማ)
አቶ ካሱ ኃይለመስቀል (ፊርማ)
አቶ ጌታነህ ካሱ፣ ጸሐፊና ምስክር (ፊርማ)

ከፊርማው በታች ይጨመርልኝ፦ ቀዶ ሕክምናው ከትሁት ክርስትና ማግስት ነውና ሳልሄድ ሁላችሁም መጥታችሁ ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ። ጓሮ የሚታሰር የለም፤ በር ላይ ቆሞ የሚቀበላችሁ ራሱ አጋፋሪ ነው፤ እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን።