ስትነግረኝ የኖርከው አራዳ

ይድረስ ለማይመልስልኝ ለውዱ ባለቤቴ፣ ለደምሴ፤

ከተለያየን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። እንደ ደብዳቤ ወግ ጤናህን ልጠይቅ አሰብኩና ብዕሬ እምቢ አለኝ። እኔ ግን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። እንዲያውም ከደኅናም ትንሽ አልፌያለሁ፤ ይህን የምጽፍልህም እሱን ልናዘዝልህ ነው። በሰው ፊት አንቱ፣ ጓዳ ስንገባ አንተ እያልኩህ ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ጓዳ ውስጥ ነኝና አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ። በጽሑፌም አትሳቅብኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልጨርስ። ነገ እጠግነዋለሁ ስትል የኖርከው የጓዳ ጣራ ተጠግኗል። እኔ ግን ለምዶብኝ ዝናብ ሲመጣ አሁንም ሳፋ አንሥቼ እቆማለሁ። ልጃችን አልማዝ የታይፕ ትምህርቷን ጨርሳ መሥሪያ ቤት ገብታለች። ጠዋት ጠዋት ጫማዋን እያንኳኳች የእሪ በከንቱን ዳገት ስትወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰዓቱን የሚያውቀው በእሷ ነው። ታክሲህን ወንድምህ ይነዳታል። ሰይቼንቶዋን ሰማያዊና ነጭ ቀለም አስቀብቷት አምሮባታል፤ የግራ በሯ ግን ዛሬም በጉልበት ካልሆነ አይዘጋም። ከላይ ባለው መንገድ ሲያልፍ ክላክሱን ሁለት ጊዜ ይነፋልኛል። መጀመሪያ ሰሞን አንተ የመጣህ እየመሰለኝ እደነግጥ ነበር፣ አሁን ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እራት ላይ ስትቀመጥ እጅህን ታጥበህ ሳትጨርስ ወሬህ ይጀምር ነበር። ዛሬ አራት ተማሪ ጭኜ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወሰድኩ፤ ዛሬ ሙሽሮች መናፈሻ አወረድኩ፤ ዛሬ ከቴያትር ቤት የወጡ ወይዛዝርት ጭኜ እንዲህ ሆነ። እኔ ደግሞ ከቤት ጊዮርጊስ፣ ከጊዮርጊስ ገበያ፣ ከገበያ ቤት። አዲስ አበባ ተወልጄ አዲስ አበባን የማውቃት ባንተ አፍ ነበር። ፒያሳ ስላለው ኬክ ቤት ስንቱን አወራኸኝ! ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው አልከኝ። የማኪያቶው መኪና እንደ ባቡር ይጮሃል አልከኝ። ጄላቲ የሚሉት ደግሞ ጣፋጭ ገንፎ ነው፣ ግን በጣም ያቃጥላል፣ ሰው ሲበላው አፉን ከፍቶ እፍ እፍ ይላል አልከኝ። ከላዩ ጭስ ሲነሣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ ብለህ ምለህልኛል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ወሬህ ደስ ይለኝ ነበር። ኋላ ግን ቅናት ያዘኝ፤ አልዋሽህም። ይዘኸኝ ሂድ ስልህ ለመስቀል ትለኛለህ፣ መስቀል ሲደርስ ለገና ትለኛለህ፣ በዓል ሲመጣ ደግሞ የታክሲ ሥራ ይብስበታል። አንተ ከተማውን እየዞርክ ስትደሰት ውለህ፣ ለእኔ የተረፈውን በወሬ የምታመጣልኝ መሰለኝ። ታዲያ ያን የሰኔ እሑድ፣ ስለ ጄላቲው እንደገና ስትጀምርልኝ፣ ‹‹ተወኝ ደምሴ! ብቻህን ጠግበህ መጥተህ የጠገብከውን አታውራልኝ›› አልኩህ። አልማዝ ቀና ብላ አየችኝ። አንተ የያዝከውን ጎረስክና ዝም አልክ። ከዚያ ወዲያ ወሬ ይዘህ ገብተህ አታውቅም። ሥራ እንዴት ዋለ ስልህ፣ ደኅና ዋለ፤ በቃ። ክረምቱ መገባደጃ ላይ ታመምክ፣ መስከረም ሳይጠባ ሄድክ። ያን ቃሌን ሳልመልሰው፣ ተቀይመኸኝ ይሁን ይቅር ብለኸኝ ሳላውቅ ሄድክብኝ።

ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላም ከሌን አላወለቅሁም። ጎረቤት እንዴት ብትወደው ነው ይላል። ወድጄህስ ነበር፤ ግን ጥቁሩን ልብስ ገላዬ ላይ ያቆየው ያ የሰኔ ቃል ነው። ለማን እናገረዋለሁ?

ግድግዳ የምንጋራትን ፋጡማን፣ የወሎዋን፣ ኮፍያ የምትጠልፈውን ጎረቤታችንን አትረሳትም። ዶሮ ማነቂያ ቅቤ የምትሸጠው ጉራጌዋ ወዳጄን ብርቅነሽንም እንዲሁ፤ ምላሷን የቀመሰ አይረሳትም። በጥቅምት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ መጡና ተነሽ እንውጣ አሉኝ። ከል ለብሼ የት እሄዳለሁ፣ ሰው ምን ይለኛል አልኳቸው። ‹‹እንግዲያው አውልቂው›› አለች ብርቅነሽ። አይሆንም አልኩ። ‹‹ጥሩ፣ አንቺ ካላወለቅሽ እኛ እንለብሳለን! ብቻሽን አታፍሪም›› ብላ ፋጡማን እየጎተተች ወጣች። ቀልዷን መስሎኝ ነበር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ፋጡማ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ብርቅነሽ ከማን እንደተዋሰችው የማላውቀውን ጥቁር ቀሚስ አጥልቃ፣ ሁለቱም ነጠላቸውን ልክ እንደኔ ለሐዘን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ቆሙ። እንዲህ ሆነው መጥተው እንዴት እምቢ ይባላል?

ሥጋ ላይ ከፋጡማ ጋር እንደማንገናኝ ታውቃለህ፤ የእሷ በእሷ፣ የእኛ በእኛ ነው። ሦስታችንንም የሚያስማማው ጣፋጭ ነገር ብቻ ነበር። የት እንሂድ ሲባል ሳላስበው ያንተን ኬክ ቤት ጠራሁ።

ነጠላ አዘቅዝቆ ኬክ ቤት መግባት ምን እንደሚመስል ግን ሦስታችንም አላሰብንበትም። በሩን ስናልፍ ባንኮኒው ጋ ማኪያቶ የያዙ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ። መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ተነሡ። ሳቁ ሁሉ ቆመ። ከቀብር መልስ መስለናቸው ‹‹እግዜር ያጥናችሁ›› ሲሉን እኛም ምን እንበል፣ ‹‹አሜን፣ አሜን›› እያልን በመካከላቸው አለፍን። አንዲት ወይዘሮ ብርቅነሽን ይዛ ሟቹ ምንሽ ነው ብትላት፣ ‹‹የእሷ ባል ነው፣ የእኔ ደግሞ ደንበኛዬ›› አለቻት። ቅቤ ከእሷ ትገዛ ነበርና አልዋሸችም።

ነጭ ኮት የለበሰ ጠና ያለ አሳላፊ ወንበር ስቦ አስቀመጠንና ማን እንዳረፈብን በቀስታ ጠየቀኝ። ባለቤቴ ነው፣ ደምሴ፣ ታክሲ ነጂ ነበር አልኩት። ሰውየው ፊቱ ተለወጠ። ‹‹ያ ግራ በሩን በጉልበቱ የሚዘጋው? ጠፋብን እያልን ነበር እኮ፣ እትዬ!›› አለና በመስኮቱ ውጭ ያለውን ዛፍ አሳየኝ። ‹‹እዚያች ጥላ ሥር ነበር የሚቆመው። ሰው ያወርዳል፣ እስኪወጡ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። ግባ እያልን ስንት ጠራነው! እግሩን አስገብቶ አያውቅም።››

አላመንኩትም። ከሌላ ጋር አምታቶህ ነው አልኩ በሆዴ። ያልገባ ሰው እንዲያ አድርጎ ያወራል? ዞር ዞር ብዬ ሳይ ግን ግድግዳው ሁሉ መስታወት አልነበረም። መስታወቱ ከበሩ ፊት ለፊት ያለው አንዱ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው፤ የቀሩት እንደማንኛውም ቤት ቀለም የተቀቡ ናቸው። ትንሽ ልቤ ተጠራጠረ።

ከዚያ እግር ባለው ትንሽ ብርጭቆ ሦስት ጄላቲ መጣልን። እውነትም ከላዩ ጭስ ነገር ይነሣል። እኔም አዋቂ ሆኜ፣ ‹‹ቀስ በሉ፣ ያቃጥላል›› አልኳቸው። በማንኪያዬ ጨልፌ እፍ አልኩበት። ፋጡማ እኔን አይታ እፍ አለች። ብርቅነሽማ በነጠላዋ ጫፍ አራገበችለት። የቤቱ ሰው ሐዘንተኞች ናቸው ብሎ ሳቁን ዋጠ። ጎረስኩት።

ደምሴ፣ በረዶ ነው! ጥርስ የሚነቅል ብርድ! ሰው አፉን ከፍቶ እፍ የሚለው ጥርሱን ሲወጋው ነው፤ ጭሱም የቅዝቃዜ ጭስ ነው። ዛፍ ሥር መኪና ውስጥ ተቀምጦ በመስኮት ለሚያይ ሰው ግን ትኩስ ገንፎ ቢመስለው አይፈረድበትም። ያን ጊዜ አሳላፊው እውነቱን እንደነገረኝ ገባኝ። አንዲት ማንኪያ እንኳ ቀምሰህ አታውቅም። እኔ ብቻህን ጠገብክ ብዬ የጮኽኩብህን ነገር አንተ ቀምሰኸው አታውቅም።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ካረፍክ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። ጓደኞቼ ነገሩን ስነግራቸው ብርቅነሽ ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች፣ ፋጡማም በሻሿ አፏን ሸፈነች። በሳቁ መካከል ዕንባዬ መጣና ነገሩ ተደባለቀ። እነዚያ ደጋግ ሰዎች ከየወንበራቸው አይዞሽ፣ አይዞሽ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሦስታችን እየወጣን የነገርከኝን ሁሉ መርምሬልሃለሁ። አንበሶቹ ቀኑን ሙሉ ሲያገሱ ይውላሉ ብለኸኝ ነበር። ውሸት! ሲተኙ ነው የሚውሉት። አንደኛውማ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ ቀና ብሎ እንኳ አላየንም፤ ብርቅነሽ ይሄ ቤት ኪራይ የለበትም አለችው። አንተ ከአጥሩ ውጪ ሆነህ የምትሰማው ሲያገሱ ብቻ ነዋ። የመናፈሻው አበባ ልክ እንዳልከው በየቀለሙ ነው፤ አበባው በሩ አጠገብ ነው። ከኋላ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ሣር አለ፤ ስለ ሣሩ ነግረኸኝ አታውቅም። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ዘርግቼበታለሁ። ከሁሉ ያሳቀኝ የቴያትሩ ነገር ነው። የስንቱን ቴያትር መጨረሻ ነግረኸኛል፤ መጀመሪያውን ግን ነግረኸኝ አታውቅም። ሰው ሲወጣ የሚያወራው መጨረሻውን ነው፣ አይደለም? እኔ አሁን መጀመሪያውንም አውቀዋለሁ። አዳራሹ ሲጨልም ፋጡማ መብራት ጠፋ ብላ ልትወጣ ተነሥታ ነበር፣ በቀሚሷ ይዘን አስቀመጥናት። በዚያ ዕለት ተዋናዩ ሲያለቅስ ቤቱ ሁሉ አለቀሰ፣ እኔ ግን በደስታዬ ፈገግ ብዬ ነው የጨረስኩት። አሁን የገና ጾም ስለገባ ጄላቲው ቀርቶብን በቲማቲም የተሠራ ፓስታ እንበላለን። ሹካውን ይዘን ስንታገል ብታየን! ፋጡማ ጾሙ ባይመለከታትም ለእኛ ስትል ወተቱን ትታለች።

ለምን እንዳልገባህ ሁላቸውም የየራሳቸውን ይላሉ። ብርቅነሽ ጊዜ አጥቶ ነው ትላለች። አልማዝ ኮትህ ክርኑ አልቆ ስለነበር አፍረህ ይሆናል ትላለች። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን ግን አላረካኝም። ባለፈው ሳምንት ብቻዬን ወደ ኬክ ቤቱ ተመልሼ አሳላፊውን ጠየቅሁት። በዚያን ቀን በሐዘን ላይ ሐዘን እንዳልጨምርብሽ ብዬ ነው የተውኩት፣ እትዬ፣ አለና ነገረኝ።

ያን ክረምት፣ ነሐሴ ውስጥ ነው አለኝ፣ ዝናቡ አላሳልፍ ሲልህ ጃንጥላ ይዞ ማኪያቶ አወጣልህ። በመስኮት ተቀብለኸው እየጠጣህ፣ ዛሬስ ግባ ሲልህ፣ ‹‹ከባለቤቴ ከአስካለ በፊት አልገባም›› አልከው። ‹‹ዛሬ ነገ እያልኳት ተቀይማኛለች፣ እውነቷንም ነው። ለመስቀል አመጣታለሁ፤ መስኮቱ ጋ ያለውን ጠረጴዛ ያዝልኝ›› አልከው። እሱም በመስቀል ዕለት ጠረጴዛውን ይዞ እስከ ምሽት ሲጠብቅህ ዋለ። ነሐሴ ከሰኔ በኋላ ነው፣ ደምሴ። ያን ቃሌን ከተናገርኩህ በኋላ ነው። ዝም ያልከኝ ቂም ይዘህ አልነበረም፤ ቀን ቆርጠህልኝ ነበር።

ከሌን በማግሥቱ አወለቅሁት። ብርቅነሽና ፋጡማ መጥተው ጠጉሬን ሠሩኝ፤ አልማዝም ከራሷ ደመወዝ የገዛችውን አበባ ያለበት ቀሚስ አለበሰችኝ። መስታወት ሳይ ወፍሬያለሁ። ያለ ምክንያት እንዳይመስልህ።

ስለዚያች የሰኔ ቃል ይቅር በለኝ። ይቅር እንዳልከኝ ባውቅም ልበለው፤ ሳልለው ስለቀረሁ ነው እንዲህ የከበደኝ። አልረሳህም እያልኩ መሐላ አላበዛብህም፤ የማደርገውን ብቻ ልንገርህ። ኬክ ቤትም ይሁን፣ መናፈሻም ይሁን፣ ቴያትርም ይሁን፣ በር ላይ ስደርስ ትንሽ ቆም እላለሁ። ከኋላ ያለው ሰው ይገፋኛል፤ ጓደኞቼም ምን ገተረሽ ይሉኛል። አንተን እያስቀደምኩ ነው።

ያንተው
አስካለ