በሕይወት ያሉ ሁለት ሟቾች ልጅ መውለድ ስለ መፈለጋቸው

ለክቡር የጾታ ለውጥና የመውለድ ፈቃድ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በቅርቡ ያስገጠሙት አዲሱ ልብ እንደ ተስማማዎት፣ ከቀድሞውም ይልቅ ርኅሩኅ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ይህን ማስታወቄም መሥሪያ ቤትዎ መሞቴን ስላወጀ ነው።

ጉዳዩ እንግዳ እንዳይሆንብዎ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ ቀድሞ ወንድ ነበርኩ፣ አሁን ሴት ነኝ። ባለቤቴ ቀድሞ ሴት ነበር፣ አሁን ወንድ ነው፤ በገበያው መተላለፊያ ሰው ሠራሽ ዓይን እየጠገነ ይተዳደራል። ሁለታችንም የተለወጥነው እርስዎ ፈቃድ በሰጡት ክሊኒክ ሲሆን፣ ኋላ ልጅ ብንፈልግስ በሚል ከመለወጣችን በፊት እኔ ዘሬን እሱ እንቁላሉን በእናንተው ማቀዝቀዣ አስቀምጠን ነበር። ከዚያም ከገዛ ሥጋዬ የበቀለ ማኅፀን ተገጠመልኝ፣ ሐኪሟም ለመፅነስ መብቃቱን መሰከረችልኝ። የቀረን ያስቀመጥነውን መውሰድ ብቻ ነውና፣ ያለንን ደህና ልብስ ለብሰን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ወደ መስኮታችሁ መጣን። ያን ዕለት ባንመጣ ኖሮ እስካሁን በሕይወት በኖርን።

ስለዚህ አቤቱታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

1ኛ. የመስኮቷ ጸሐፊ በመልካም አንደበት እንዳስረዳችን፣ በእናንተ አሠራር ጾታውን የለወጠ ሰው የቀድሞ መዝገቡ ይዘጋል፤ ኮምፒውተራችሁ ደግሞ መዝገብ ለመዝጋት ከሞት ሌላ ምክንያት አያውቅም። እንግዲያው ዘሩን ያስቀመጠው ሰውዬ ሞቷል፤ እንቁላሏን ያስቀመጠችውም ሴትዮ አብራው አርፋለች። ባለቤቴ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሟቿ እኔ ነኝ ቢላት፣ ጸሐፊዋ ሐዘን እንደሚያናግረው ገብቷት መጽናናቱን ተመኘችለት። እኔም አልሞት ባይ ተጋዳይ ሆኜ ትንሽ ተከራከርኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ግን ለሟች ይህን ያህል ወሬ አይገባም ብለው ገፉኝ።

2ኛ. መርዶዬን ለእናቴ ስላደረሳችሁልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እናቴ ከተለወጥኩ ወዲህ አኩርፋ ደጄን አልረገጠችም ነበር። ልብስ ማጠቢያ ቤት ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር አንሶላ ስታጥፍ፣ ጆሮዋ ውስጥ የተተከለው ማዳመጫ በዚያ ለስላሳ ድምፃችሁ ወንድ ልጅዎ አርፏል አላት። ይዛው የነበረውን አንሶላ እንደ ያዘች፣ እየጮኸች ቤቴ መጣች፤ እኔ ደግሞ ሳህን እያጠብኩ ነበር። መጀመሪያ በጥፊ አለችኝ፤ ቀጥላ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆን፣ ሁለተኛ እንዳትሞቺብኝ ብላ አለቀሰች። ሴት ልጇ አድርጋ ያናገረችኝ ያን ዕለት ነው። እኔ ስንት ጊዜ ለምኜ ያጣሁትን እናንተ በአንድ ስሕተት ስለ ሰጣችሁኝ፣ በእናንተ እንኳ ተናድጄ መጨረስ አልቻልኩም።

3ኛ. እናቴ የሟች ወራሽ ተብላ ስትጠራ፣ ጉልበቷ እያመማት ያን ሁሉ ደረጃ ወጥታ የልጄን ዘር ለልጄ ስጡልኝ አለች። መልሳችሁ ግን ወራሽ የወረሰውን ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም፣ ከፈለጉ እርስዎ ይፀንሱት የሚል ነበር። እናቴ አንዱን ወልጄ ያየሁት ይበቃኛል ብላ መመለሷን፣ ወደ ቤት ስትሄድም የመንገዱን ግማሽ ስትስቅ ግማሹን ስትረግማችሁ መጨረሷን በአክብሮት እገልጻለሁ።

4ኛ. እናቴ አልፀንስም በማለቷ ዘሩ ወራሽ አልባ ሆነ፣ የባለቤቴም እንቁላል ዘመድ ስለሌለው እንዲሁ፤ ወራሽ አልባ ተቀማጭም በመጪው የጽዳት ቀን ወደ ማቃጠያው እንደሚገባ ነገራችሁን። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። አዲሱ ገላችን የቀድሞውን ዘር አያፈራም፤ እዚያ ካለው በቀር ሌላ የለንም። እናንተ ተቀማጭ የምትሉትን እኛ ስም እያወጣንለት፣ የኔን አፍንጫ ይውሰድ የእሱን ሳቅ እያልን ስንጣላበት ከርመናል። ባለቤቴ ይህን ከሰማ ወዲህ ሥራ አልሆነለት ብሎ፣ የደንበኛ ዓይን መዳፉ ላይ አስቀምጦ ሲያየው ይውላል። ዓይኑም መልሶ ያየዋል። እኔም ፈርቻለሁ፤ ይህን ለመደበቅ ትሕትናዬ አልበቃኝም።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው፦ ወይ ከሞት አስነሡን፣ ወይ ሟቾች የራሳቸውን ይውሰዱ በሉ። ሁለቱም ለእርስዎ የአንድ ጣት ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጣትዎም በአዲስ ከተለወጠ ብዙ እንዳልቆየ ሰምቻለሁ።

ለአንዲት ሟች ይህን ያህል ጊዜ ስለ ሠዉላት ምስጋናዬ የበዛ ነው። ሥልጣንዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ ይጽና፣ መዝገብዎም መቼም ቢሆን አይዘጋ እያልኩ፣ ከአፈር በላይ ሆኜ እጅ የምነሣዎ፣

ታዛዥዎ፣
የመሥሪያ ቤትዎ ሊፍት ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ ከማቀዝቀዣው ክፍል ወደ ማቃጠያው የሚወስደው ብቸኛው የዕቃ ሊፍት ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ለጥገና መቆሙን ሳሳውቅ በታላቅ ይቅርታ ነው። የጽዳት ሠራተኞቻችሁ መቼ ይነሣል እያሉ ያጨናንቁኛል። በራሳችሁ የደኅንነት ደንብ መሠረት፣ የቆመ ሊፍት የሚነሣው በተመዘገበው ጠጋኝ የጣት አሻራ ብቻ ነው። የተመዘገበው አሻራ ደግሞ ስቀጠር የሰጠሁት፣ የዚያ ሰውዬ አሻራ ነው፤ ነፍሱን ይማር።