ለእጅህ የመረጥኩት ካድ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ስልክ አላነሳ ስትል ጊዜ ወደ ደብዳቤ ዞርኩ። ልጅህ "ቀኑን ሙሉ መስኮት ስር ቁጭ ብሎ እጁን ያያል" አለችኝ። ኩርፊያህን አውቀዋለሁ፣ ይሄ ግን ኩርፊያ አይደለም። "እጄ ከዳኝ፣ ከእንግዲህ ለወርክሾፑ ሸክም ነኝ" ብለህ መሮህን ጠቅልለህ ከሄድክ ወዲህ ቦታህን ማየት ከብዶኛል።

ወሬ ልንገርህ። ለብረት ማቅለጫው የምንቀርጻቸውን የእንጨት ሞዴሎች ከአሁን ወዲያ መጀመሪያ በኮምፒውተር ልንሠራ ነው። ካድ በሚሉት ሶፍትዌር ዕቃውን ከየአቅጣጫው እንስለዋለን፣ እንጨቱን ማሽን ይቆርጠዋል። "ይኸው ተተካሁ" እንዳትል፤ እስክጨርስ ታገሰኝ። የትኛው ይሻላል የሚለው ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ።

ሻጩ በመጀመሪያ ያሳየን እንደ ጭቃ እየሳቡና እየገፉ ቅርጽ የሚያወጡበትን ነው። ቀለሙ ብቻ! አቅላጩ ወዳጅህ አፉን ከፍቶ ቀረ። "ይሄማ ፊልም ነው፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። እኔ ማውሱን ያዝኩና እጄን ሆን ብዬ አንቀጠቀጥኩት። ቅርጹ ተጣመመ። "እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰውስ?" ብዬ ብጠይቀው ሻጩ ሳቅ ብሎ "እሱማ ቤቱ ይረፋ!" አይለኝም መሰለህ? ደሜ ፈላ።

ሁለተኛው ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። የእኛን ኢንተርኔት ታውቀዋለህ፣ ነፋስ ሲነካው ይጠፋል። ሦስተኛው መልኩ አመድ የመሰለ፣ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ነው። በእሱ ግን መስመሩን እንደነገሩ ታሰምርና ልኩን በቁጥር ትጽፍለታለህ፤ ራሱ ያቃናዋል። አንዱን ልክ ስትለውጥ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይስተካከላል። ያ ደንበኛ ሞዴሉ ካለቀ በኋላ "ቀዳዳው ትንሽ ይስፋ" ብሎህ፣ እንደ አዲስ ስትሠራ ስንቱን እርግማን እንዳወረድክበት ትዝ ይልሃል? እሱን አሁን በአንድ ቁጥር ትገላገለዋለህ። መረጥኩት። አቅላጩ "ከዚያ ሁሉ ቆንጆ ይህቺን አስቀያሚ?" እያለ እስካሁን ያላግጥብኛል። ለማን ብዬ እንደመረጥኳት አልነገርኩትም።

መቼም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው፤ የአንድ ውሃ ፓምፕ መዘውር ብቻዬን ስዬ አስቀለጥኩ። ብረቱ ሲበርድ ቀዳዳው ጠቦ ዘንጉ አልገባ አለ። "ብረት ሲበርድ ይሰበሰባል፣ ሞዴሉን ተለቅ አድርገሽ ድርሻውን አስቀድመሽ ስጪው" የምትለኝን ረስቼው! ሶፍትዌሩ ደግሞ ካልነገሩት አያውቅም። ከመጽሐፍ ያገኘሁትን ቁጥር ብሰጠውም አልሆነም፤ የእኛ ብረት ከየቦታው የተለቃቀመ ስብርባሪ ነው፣ ዓመሉን የለመድከው አንተ ነህ። አቅላጩ የተበላሸውን መዘውር አገላብጦ አየና "ወንድምሽ መቼ ነው የሚመጣው?" አለኝ። ያኔ አላላገጠም።

ጠረጴዛህን ብርሃን ወዳለበት አዙሬዋለሁ፤ የስክሪኑን ፊደልም አተልቄልሃለሁ። መዘውሩን እንደገና ስዬዋለሁ፣ የብረቱ ድርሻ የሚጻፍበት ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ቁጥሩን በደብዳቤ እንዳትልክልኝ፣ አልቀበልህም። መጥተህ ራስህ ጻፈው። እጅህም ይንቀጥቀጥ፤ ቁልፉን ሁለቴ ብትመታው አጥፍተን እንደገና እንጽፋለን።

ወንበርህን ለማንም ያልሰጠች
ታናሽ እህትህ