ጉርጤና ክሩ

መስከረም 28
ዛሬ የመጋረጃዎቹን ጠርዝ ጨረስኩ። ደንበኛ አልመጣም። ጉርጤ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ደፍ ላይ ተጎልታ መንገዱን ስታይ ዋለች። ስሟን ያወጣችላት እህቴ ናት፤ ዓይኗን አፍጥጣ ሰው ስለምታይ። እህቴ አግብታ ስትሄድ ድመቷን ተወቻት፤ ባሏን የድመት ፀጉር ያስነጥሰዋል። እንግዲህ ሁለታችንም ቀረን።

ከሰዓት በኋላ "ውረጂ ከዚያ" ስላት ድምፄ ጎረነነብኝ። ለካ ከነጋ አፌን አልከፈትኩም...

ጥቅምት 2
እህቴ ደወለች። አራተኛ ፎቅ መሆኑን አትርሺ፣ መስኮቱን እንዳትከፍቺ አለች። የአይጥ መርዝ ቤት እንዳታስገቢ። በረኪናውን አርቂ። የልብስ ማጠቢያውን ሳታስነሺ ውስጡን እዪ፣ ድመት ሙቀት ስለምትወድ ትገባለች... እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ስለ ጉርጤ ብዙ አወራን። "አንቺስ?" ልትለኝ ስትል ባሏ ጠራት። መቼ ትመጫለሽ አልኳት በጥድፊያ። እናያለን እታለም፣ አለች።

ጥቅምት 3
መስኮቱ ላይ የሽቦ ወንፊት መታሁ። አውራ ጣቴንም አብሬ መታሁት፣ ጠቁሯል። በረኪናውን ቆለፍኩበት። ቤቱ ሕፃን ያለበት መሰለ። በዚህ ዕድሜዬ! ሌላ ምን ቀረ? ምንም።

ጥቅምት 9
ጉርጤ አልበላችም። አስመለሳት። ከሶፋው ኋላ ገብታ ተኮራምታለች። ኩርፊያ ነው? ድመት ታኮርፋለች?

ጥቅምት 10
ጠዋት አቅፌ ውሃ ላጠጣት ስል ከምላሷ ሥር ቀይ ክር አየሁ። ሰሞኑን ቀሚስ የሰፋሁበት ክር። ጫፉን ያዝ አድርጌ ልስበው ስል ጮኸች። እንዲህ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ተውኩት።

በአንሶላ ጠቅልዬ ደረጃውን ወረድኩ። ምድር ቤት የሚኖረው ሹፌር መኪናውን ያጥባል። ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን ከ"ደህና ዋሉ" አልፈን አናውቅም። ቃል አልወጣ አለኝ፣ ድመቷን ገልጬ አሳየሁት። ባልዲውን አስቀምጦ የመኪናውን በር ከፈተልኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ክሩን ሳቡት ወይ አለችኝ። ልስበው ብዬ ተውኩት አልኳት።
"እንኳን ተዉት። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ተጠምጥሟል፣ ሌላው አንጀቷ ውስጥ ገብቷል። ቢስቡት አንጀቷን ይቆርጠው ነበር።"
ዛሬውኑ ኦፕሬሽን ትሆናለች አለች። ትተርፋለች ወይ ስላት ድመቷን ተቀብላኝ ገባች።

መስኮት፣ መርዝ፣ በረኪና... ሁሉን አስቤ፣ ከእጄ የማይለየውን፣ እንጀራ የምበላበትን ነገር ረሳሁ።

ሹፌሩ ውጭ ጠበቀኝ። ስንመለስ ቤት ማን አለ አለኝ። ማንም፣ አልኩት። እኔም ጋ ማንም የለም፣ አለ። 

ጥቅምት 11
ለእህቴ አልደወልኩም። ብትሞትባት ምን እላታለሁ? ...ብትሞትባት ነው ወይስ ብትሞትብኝ?
የስፌት ማሽኑን አልነካሁም። የጉርጤን ሳህን አጠብኩ። ካጠብኩት በኋላ የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ቤቱ ጭር ብሏል።

ጥቅምት 13
ተርፋለች!
ሆዷ ተላጭቷል፣ ቁስሏን እንዳትልስ አንገቷ ላይ ፕላስቲክ አጥልቀውላታል። ስፌቱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ስፌትሽ ያምራል ብላት ሐኪሟ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር አለች።
"እትዬ፣ የሚሰፉበትና እሷ የምትውልበት አንድ ክፍል ከሆነ ነገም ክር ትውጣለች። በር ያለው ክፍል የለዎትም?"
አለኝ፣ አልኳት። አንድ አለኝ። የእህቴ።

ጥቅምት 15
በሩን ከፍቼ ቆምኩ። አልጋዋ እንደተነጠፈ ነው። አንሶላውን በየጊዜው እቀይራለሁ፣ ማንም ሳይተኛበት። ለምን? ትመለሳለች ብዬ? አግብታለች እኮ። ደስ ብሏታል እኮ።
ጉርጤ ከነፕላስቲኳ ከወንበር ጋር ትጋጫለች። ክር የነበረበትን ሁሉ ጠርጌ ማሽኑን ሸፍኜዋለሁ፣ ግን ሥራ እስከመቼ ይቆማል? ዛሬ አልሆነልኝም። በሩን መልሼ ዘጋሁት።

ጥቅምት 16
ሹፌሩን ጠራሁት። አልጋውን አብረን ፈታታነው። የማን ነው አለኝ። የእህቴ ነበር አልኩት። "ነበር" ማለቴን ከአፌ ከወጣ በኋላ ሰማሁት። ቀና ብሎ አየኝና ብሎኑን መፍታቱን ቀጠለ። ማሽኑን፣ የክር ሳጥኑን፣ የመርፌ ትራሱን፣ መቀሶቼን ሁሉ ወደዚያ አስገባን። ሻይ ጠጣ ስለው እጁ በብሎኑ ግራሶ መቆሸሹን አሳይቶኝ ሄደ። ሌላ ቀን፣ አለኝ። ይመጣ ይሆን?

አንሶላዎቹን አጥፌ ከራሴ አንሶላዎች ጋር ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩ። አለቀስኩ። ጉርጤ አፍጥጣ አየችኝ።

ጥቅምት 24
እህቴ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት። ስታለቅስ ቆየችና ባሌን ለምኜ እወስዳታለሁ አለች።
"አይሆንም" አልኳት። "ጉርጤ የትም አትሄድም።"
እስከዛሬ ለእሷ አይሆንም ብዬ አላውቅም። እኔው ደነገጥኩ። ድፍረቴ ሳይቀዘቅዝ ስለ ክፍሏም ነገርኳት።  
"ታዲያ ስመጣ የት ልተኛ ነው?"
"ከእኔ ጋር። አልጋዬ ይበቃናል።"
"እሺ እታለም" አለች፣ ቀስ ብላ። መቼ እንደምትመጣ አልጠየቅኋትም።

ከዚያ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሰፋሁ። ጉርጤ በበሩ ማዶ አንዴ ሁለቴ ጮኸችና ተወች። እግሬ ሥር ሳትሆን መስፋት ይከብዳል... አጠገቤ የሚተነፍስ ነገር የለም። ግን ሰፋሁ። አመሻሽ ላይ ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ክር አንድ በአንድ ለቅሜ ጣልኩ፣ የጫማዬንም ሶል ገልብጬ አየሁ፣ ከዚያ ከፈትኩ። የበሩ ደፍ ላይ ተኝታ ኖሯል። ተራምጄያት ላልፍ ስል ተነስታ ተከተለችኝ።