ማባበል ያንተ ሥራ ነበር

ውዴ ዶሚንግ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ነው። ቅጠል ሲረግፍ የሙት ዓመትህን ጸሎት አደረስን። ቄሱ መጡ፣ የአላስካ ጓደኞችህም አንድ ሳይቀሩ መጡ። ጸሎቱ ላይ ሁሉም አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ምግብ ሲቀርብ ግን ያው እንደምታውቃቸው ናቸው፤ ዓሣ ፋብሪካው ውስጥ ከሁላችን ፈጣን ማን ነበር በሚል ተጨቃጨቁ። ዶሚንግ ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኔም እውነቱን ስለማውቅ አልተከራከርኩልህም። በማግስቱ ጥቁሬን አውልቄ ያንን ቢጫ ሹራቤን ስለብስ ልጅህ ጁን አየኝና ‘ማም፣ ሙዝ መሰልሽ’ አለኝ። ቁም ነገር ከማን ይማር።

ቤታችን እንዳለ አለ። የሰፈራችን የስካይዌይ ዝናብ ያው ነው፤ አሸንዳው አሁንም በኩሽናው መስኮት በኩል ያፈሳል፤ ቅዳሜ እሠራዋለሁ ያልከው ነው። ዘሩን ከሞቃቱ ደሴት አገራችን አስመጥተህ፣ ‘ቅዝቃዜውን ይለምደዋል’ እያልክ በየዓመቱ ስትተክለው በየዓመቱ የሚደርቀው መራራው ዱባህ ባለፈው በጋ ፍሬ ሰጠ። ጁን በላስቲክ ጎጆ ሠርቶለት ነው። ሁለት ፍሬ፤ ሁለቱም ከአውራ ጣቴ አይበልጡም። ቢሆንም በእንቁላል ጠብሼ፣ ፊታችንን እያኮማተርን በላናቸው።

ትልቁ ወሬ ግን እኔ መኪና መንዳቴ ነው። አዎ፣ እኔ። ከጎንህ ተቀምጣ ‘ቀስ በል’ ከማለት በቀር ስለ መኪና አንዳች የማታውቅ ሚስትህ ዛሬ ያንተኑ መኪና ይዛ ሥራ ትሄዳለች። አሁን ጁን አጠገቤ እየተቀመጠ ‘ቀስ በይ’ ይለኛል።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ የነገርኩህ የማሪሴልን ነገር ለማዘግየት ነው። ልጃችን ከቤት ወጣች። አትደንግጥ፣ አላገባችም። ነገሩም ያ ነው፤ ሳታገባ ወጣች። ሥራዋ ቤልቪው ነው፤ በዚያ ኮምፒውተር በሚሉት፣ ጠረጴዛውን ሙሉ በሚይዘው ዕቃ ላይ ስትጽፍ ትውላለች። በሁለት አውቶቡስ መመላለሱ ሰለቻትና ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር አፓርትመንት ልትከራይ መሆኗን አንድ እሑድ ሩዝ እየጨለፈች ነገረችኝ። እንደ ቀላል ነገር። በእኛ ወገን ሴት ልጅ ከእናቷ ቤት የምትወጣው በሙሽራ ልብስ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ፣ እሷም ታውቃለች። እኔ የወጣሁት ባንተ እጅ ተይዤ ነው። ያላገባችው ታላቅ እህቴ እስከ ዛሬ እዚያው አገር ቤት ናት፤ የእናቴን ዓይን የከደነችውም እሷ ናት።

ያስፈራኝ የሰው አፍ አይደለም። የምሠራበትን ቤት ታውቀዋለህ፤ አረጋውያኑን አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥራለሁ። አንዲት አሮጊት አሉ፤ ልጃቸው የሚኖረው እዚሁ ከተማ ነው፤ ለገና አበባ ይዞ ይመጣል። ክፉ ሰው አይደለም፣ ጨዋ ነው። ኮቱን ሳያወልቅ ጥቂት ይቀመጥና ይሄዳል። እሳቸውም የቀረውን ዓመት በሩን እያዩ ይኖራሉ፤ እኔን ‘ልጄ’ ይሉኛል። ማሪሴል አፓርትመንት ስትለኝ ዓይኔ ላይ የመጣው ያ በር ነው። ዛሬ አፓርትመንት፣ ነገ በሳምንት አንዴ ስልክ፣ ከዚያ ኮቱን ሳያወልቅ የሚቀመጥ ሰው። ይህ አገር ልጄን ሊወስድብኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ለእሷ ግን ይህን አልነገርኳትም። አኮረፍኩ።

ኩርፊያዬን ካንተ በላይ የሚያውቀው የለም። አፌን እዘጋለሁ፤ ሳህኖቹን እያንኳኳሁ አጥባለሁ፤ ምግቡን አቀርብና ‘አልራበኝም’ ብዬ ጓዳ እገባለሁ። አንተ ትንሽ ታቆየኝና ከኋላዬ መጥተህ ከሩዝ ድስቱ ጋር ወሬ ትጀምራለህ። ‘አንተ ድስት፣ እባክህ ሚስቴን ጠይቅልኝ፣ ዛሬ ከእኔ ጋር ራት ትበላለች ወይ?’ ድስቱ ዝም ሲልህ ‘ይኼም አኩርፏል’ ትላለህ። ሳልወድ በግዴ እስቃለሁ፤ አንዴ ከሳቅኩ ደግሞ አለቀ። ስንት ዘመን እንዲህ ኖርን፤ የማኮረፉ ሥራ የእኔ፣ የማባበሉ ያንተ። ስትሞት መኪናውን ማን ይነዳል፣ ዕዳውን ማን ይከፍላል፣ ጁንን ማን ይቆጣዋል ብለን ሁሉን አሰብን። ማባበሉን ማን እንደሚረከብ ግን ማናችንም ትዝ አላለን።

ስለዚህ ኩርፊያው ቤታችን ውስጥ ተቀመጠ፤ ወደፊትም ወደኋላም አልል አለ። ማሪሴል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ‘ማም፣ ኦኬ ነሽ?’ ስትለኝ ‘ምን እሆናለሁ’ እያልኩ አልፋታለሁ። ከዚያ እሷም ዝም አለች። ሳህን ስታጥብ ድምፁ ከእኔ ይበልጥ ጀመር። ጁን በመካከላችን እየተሽሎከለከ፣ ‘ሶ፣ ቤቱ ላይብረሪ ሆኗል ማለት ነው?’ ብሎ ሊያስቀን ሞከረ፤ ማንም አልሳቀለትም። አንድ ቅዳሜ ሳጥኖቿን እሱ ጭኖላት ሄደች። በሩ ላይ ትንሽ ቆም ብላ ነበር። እኔ ልብስ አጥፍ ነበር፤ ቀና አላልኩም። ከዚያ በኋላ እሷ አልደወለች፣ እኔም አልደወልኩ፤ ሳምንታት አለፉ።

አልማዝን አታውቃትም። ካንተ በኋላ ሥራ ቦታችን የገባች ኢትዮጵያዊት ናት፤ ምሳ አብረን ነው የምንበላው። መጀመሪያ ቀን የጋበዝኳትን የአሳማ ሥጋ አልነካም ስትለኝ ያኮረፈችኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሃይማኖቷ ነው። አንድ ቀን የሆዴን ሁሉ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ እንደ ዳኛ ተስተካክላ ተቀመጠችና፣ ‘ታዲያ አስታራቂያችሁ ማነው?’ አለችኝ። በእነሱ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይገባል እንጂ እንዲህ ፊት ለፊት ተፋጠው አይተዉም። በእኛ ቤት አስታራቂው ባሌ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሞቷል አልኳት። ‘እንግዲያው እናትና ልጅ የሞተ ሰው እየጠበቃችሁ ነዋ’ አለችና ወደ ምሳዋ ተመለሰች። እኔ ግን ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንተ የምትወደውን በኮምጣጤ የተሠራ ዶሮ ከሩዝ ጋር ቋጥሬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ከሬንተን ሽቅብ የሚወጣውን ፈጣን መንገድ ብቻዬን ነድቼው አላውቅም ነበር። ሁሉም እየቀደመኝ፣ ሁሉም ጡሩንባ እየነፋብኝ፣ እኔ ቀኜን ይዤ እመቤታችንን እየተማጸንኩ ቤልቪው ደረስኩ። ፓርክ ያደረግኩት በሁለት መኪና ቦታ ላይ ነው፤ አልዋሽህም።

በሩን የከፈተችልኝ አብራት የምትኖረው ልጅ፣ ጁዲ ናት። ማሪሴል ከኋላዋ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። አየችኝ፤ አልተነሳችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መንገድ ላይ ስለማመደው የመጣሁት ንግግር በሙሉ ጠፋብኝ። ደግሞስ እኔ ሰው አባብዬ አውቃለሁ? አፌ ራሱ ጀመረው። ጁዲን፣ ‘እባክሽ ያቺን ልጅ ጠይቂልኝ፣ ምሳ በልታለች ወይ?’ አልኳት። ምስኪን ጁዲ ግራ እንደገባት ዞራ፣ አጠገባችን ለተቀመጠች ልጅ መልእክቱን አደረሰች። ማሪሴል ከመስኮቱ ሳትመለስ፣ ‘አልራባትም በያት’ አለች። ዶሮ መሆኑን ንገሪልኝ አልኩ። ጁዲ ተናገረች። ከዚያ ማሪሴል፣ ‘እስቲ ጠይቂያት፣ በኮምጣጤ ነው?’ አለች። በኮምጣጤ ነው አልኩ። ይኼኔ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አለቀሰች ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ለካ እየሳቀች ነው። ቀጥሎ ደግሞ የእውነት አለቀሰች፤ እኔም ዕቃዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ አለቀስኩ። ጁዲ ዶሮውን ከእጄ ተቀብላ ሳህን ልታመጣ ገባች።

እየበላን ለምን እንዳልደወለች ጠየቅኳት። ‘አንቺ እስክትመጪ እየጠበቅኩ ነበር’ አለችኝ፤ እንዲያውም የቆየሁት እኔ መሆኔ ገርሟት። ዶሚንግ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ አትጠይቀኝ። አሜሪካዊት ሆና ቢሆን ኖሮ የከፋትን ሁሉ ፊት ለፊት ነግራኝ፣ ነገሩን እዚያው ጨርሳ ወደ ሥራዋ በሄደች ነበር። ልጅህ ግን ሳህን አንኳኩታ፣ አፏን ዘግታ፣ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዳ፣ እዚያ ተቀምጣ እስካባብላት ጠበቀችኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ቋንቋችንን፣ ጸሎታችንን፣ የታላቅን እጅ ይዞ ግንባር ላይ ማድረግን ላስተምራት ስደክም፣ ያላስተማርኳትን ኩርፊያዬን አሟልታ ወርሳዋለች። ያኮረፈ ሰው ደግሞ የሄደ ሰው አይደለም፤ የሚያባብለኝ ይመጣል ብሎ ደጅ ደጁን የሚያይ ነው። የፈራሁት ሁሉ የዚያን ዕለት ለቀቀኝ።

አሁን እሑድ እሑድ የቆሸሸ ልብሷን በከረጢት ይዛ ትመጣለች፤ ብዙ ጊዜ ጁዲም አብራት አለች። ገና ከመግባቷ ኮቷን ወንበር ላይ ትወረውራለች፤ እኔም ‘አንሺው’ እያልኩ እቆጣና በልቤ እስቃለሁ። ሩዙን ጠራርገው በልተው፣ ልብሱን አድርቀው፣ ሲመሻሽ ይሄዳሉ። ቤቱ ያለ እሷ ይሰፋል፤ ሆኖም ቀስ በቀስ እየለመድኩት ነው።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ከቀበርንህ ቀን ወዲህ መቃብርህ ዘንድ መጥቼ አላውቅም። ልጆቹ በሙታን ቀን እንደ ወጋችን አበባና ምግብ ይዘው ሲመጡ እኔ ሥራ ላይ ተረኛ ነኝ እላለሁ። ሰው ሐዘኑ ከብዷት ነው ይላል። ሐዘን ብቻ አልነበረም። የሞትክ ዕለት ጠዋት አኩርፌህ ነበር። አዲሱን የክረምት ካፖርቴን ሳትነግረኝ ለእህትህ በሳጥን አሽገህ ልከህ፤ ያውም ፀሐይ ሰው በሚያቀልጥበት አገር ለምትኖር ሴት። (ለብሳው የተነሳችውን ፎቶ ልካልናለች፤ ላቧ ይታያል፤ ደስታዋም።) የምሳ ዕቃህን ይዘህ በሩ ላይ ቆምክና፣ ‘አሁን ይረፍድብኛል፤ ማታ አባብልሻለሁ’ ብለህ እየሳቅክ ወጣህ። ጀርባዬን ሰጥቼህ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር፤ አላየኸኝም። ከሥራ ቦታህ የደወሉልኝ ከሰዓት በኋላ ነው።

ያንን ማታ ይኼን ሁሉ ጊዜ ጠበቅኩት። አልማዝ የሞተ ሰው እየጠበቃችሁ ነው ስትለኝ ስለ ማሪሴል ብቻ መስሏት ነበር። እንግዲህ አንተ መምጣት ካልቻልክ እኔ እመጣለሁ። በፊታችን እሑድ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ፤ የምነዳውም እኔ ነኝ። በዚህ ቤት ያኮረፈ ሁሉ ሲባበል፣ የእኔም ሆነ የልጆቼ ልጆች ኩርፊያ ሲበርድ፣ ስምህ ሳይነሳ አያልፍም፤ ይህን ቃል እገባልሃለሁ። ማታ ስላልመጣህም አትጨነቅ።

ታርቀናል፣ ዶሚንግ።

ሚስትህ ሉርደስ