የአያ ተሰማ ምንሽር

ሐሙስ

«አንቺማ ማንኪያውን ውረሺ!»

አያ ተሰማ ነው እማዬን እንዲህ ያላት። አባቷ፣ አያቴ አባባ፣ በተቀበረ ዕለት፣ ለቅሶው ሳይበርድ፣ ታናሽ ወንድሙ አያ ተሰማ ምንሽሩን ከግድግዳችን አወረደ። በጋቢው ጠቅልሎ ወደ ቤቱ፣ ወደ ኮሶዬ ይዞት ሄደ። አባባን አገላብጣ ያስታመመችው እማዬ ናት። አያ ተሰማ የሚመጣው በበዓል ብቻ ነበር፣ ሥጋ ሲሸተው።

(«አሉ» ማለት ነበረብኝ። ደብተሩ የኔ ነው። «አለ» ነው የምለው።)

ጸቡ እንዲህ ነው። እሱ «አባታችን ከጣሊያን የማረከው ነው፤ የአባት ጠመንጃ ለወንድ ነው» ይላል። እማዬ «አባቴ ኮላ ድባ ገበያ በበሬ የለወጠው ነው» ትላለች። የተማረከ ከሆነ ለእሱ፣ የተገዛ ከሆነ ለእሷ። እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ከትምህርት ቤት ስመለስ አንድ ማንኪያ ገዛሁ። ለምን እንደሆነ እኔና እግዜር እናውቃለን።

ዓርብ

እማዬን «አያን እንጠይቃቸው» ብዬ ኮሶዬ ወሰድኳት። ደግ ልጅ መሰልኳት።

እሱ ቤተ ክርስቲያን ነበር። እማዬ ከሚስቱ ጋር ስታወራ ምንሽሩ ያለበት ጓዳ ገባሁ። «ሴት የነካችው ጠመንጃ አይተኩስም» ይላል። ጥይት የሌለው ጠመንጃ ወንድ ቢነካውስ ይተኩሳል?

አጭር ነው። ሳንጃው ወደ ታች ይታጠፋል። ብረቱና እንጨቱ የሚገናኙበት ቦታ የዘመናት ቅባት ደርቆበታል። በነጠላዬ ጫፍ ፈተግኩት። መጀመሪያ ዘውድ ወጣ። ቀጥሎ 1937። ከጎኑ XV። በስልኬ አነሳሁት።

1937! ጣሊያን ከጎንደር የተባረረው በ34! ጠመንጃው የተሠራው ጣሊያን ከሄደ በኋላ ነው! መኪና ስንጠብቅ አስፋልቱ ዳር እስክስታ ወረድኩ። እማዬ «ምነው፣ ምን ነካሽ?» አለች። «ብርዱ ነው» አልኳት።

ቅዳሜ

ተዋረድኩ።

ፎቶውን ለታሪክ መምህራችን አሳየሁት። እስኪያስለው ሳቀ። «ጣሊያን መቼ ነው በኛ ዘመን ቆጥሮ የሚያውቀው? ስምንት ቀንሺ!»

1929። ያኔ ጣሊያን ጎንደር ውስጥ ሞልቷል፤ መማረክም ይቻላል። XV ደግሞ መሪያቸው ሥልጣን ከያዘ አሥራ አምስተኛው ዓመት ማለት ነው አለኝ። ዓመቱን በሰውዬው ይቆጥሩ ነበር! እኛን ነው ቆጠራችሁ ግራ ነው የሚሉን።

ሌላም ነገረኝ፦ የፈረሰኛ ጠመንጃ ነው፣ የሚጎርሰው ስድስት ጥይት ነው። አያ ተሰማ በየበዓሉ ሲተርክ ግን አባቱ ደግሞ ሳያጎርስ አሥር ጊዜ ይተኩሳል።

እራት አልበላም ብዬ ተኛሁ። ጋደም እንዳልኩ አንድ ነገር መጣልኝ። ቁጥሩ ብቻውን አይጥለውም። ምላሱ ግን ይጥለዋል። ያ ታሪክ እኮ ያድጋል። አምና ፋሲካ ላይ የተማረከው ጣሊያን እግረኛ ነበር። በመስቀል ፈረስ ላይ ወጣ። ነገ ትንሽ ባሳድግለትስ?

እሑድ

ከኮሶዬ እንደገባሁ ነው የምጽፈው።

ሽማግሌዎቹ ኮሶዬ፣ እሱው ቤት ተቀመጡ። ቄሱ መሃል ናቸው። ምንሽሩ አያ ተሰማ ጉልበት ላይ ነው። እኔ ውኃ ማቅረብ ነበር ሥራዬ። ኩባያውን ይዤ ጎንበስ አልኩ፣ እንደ ቅዱሳን ሥዕል።

«አያ፣ አባትዎ የማረኩት ጣሊያን ከደከመ በኋላ ነው አይደል?»

ተቆጣ። «ከደከመ በኋላማ ሴትም ይማርካል! ጎንደር በገባ በሳምንቱ ነው እንጂ! አቧራውን ሳያራግፍ!»

«በ28 ማለት ነው?»

«በ28፣ በመጋቢት! ሐሰት ከሆነ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ!»

«አባ፣ እስቲ ይቺን ቁጥር ያንብቡልኝ» አልኩ ለቄሱ። «በፈረንጅ ቆጠራ ነው የተጻፈው።»

ቄሱ ምንሽሩን ወደ መስኮቱ አዞሩት። በጣታቸው ቀነሱ። ደግመው ቀነሱ። «ተሰማ፣» አሉ፣ «ይህ ጠመንጃ በ28 ገና አልተወለደም።»

አንዱ ሽማግሌ «ሳይሠራ የማረከ ጀግና!» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ አልሳቁም። «የማለበት ሐሰት ሆኗል። ምንሽሩ ላስታመመችው ይግባ» ብለው ፈረዱ።

አያ ተሰማ አውራ ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳለፈ። ደግመው ዳሰሱት። (ዳሰሰው።) «እንግዲያ አባቴ ምኑን ነው የማረከው?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

እዚህ ላይ መተው ይቻል ነበር። ማንኪያዋን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«አያ፣ ይቺ የእርስዎ ድርሻ ናት።»

እማዬ ክንዴን ቆንጥጣ ያዘችኝ። እሱ ማንኪያዋን ተቀበለኝ፤ አገላብጦ አያት፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቢሆንም አሸነፍን። ምንሽሩን አቅፈን ገባን። ክንዴ ጠቁሯል።

ሐሙስ

ምንሽሩ ቦታው ላይ ተሰቅሏል። እማዬ ለሚገባው ሁሉ ታወራለች። ማክሰኞ አባባ በአንድ በሬ ነበር የገዛው። ትናንት ጥማድ በሬ ሆነ። ዛሬ ለጎረቤታችን ስትነግራት በቅሎ ተጨመረችበት። አየኋት። «ምነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት።

ማታ የአያ ተሰማ ልጅ ድንች ይዞልን መጣ። አባቱን ስፈራ ስቸር ጠየቅኩት።

«ደኅና ነው። ማንኪያሽን ምንሽሩ የነበረበት ምስማር ላይ ሰቅሏታል።»

«ለምን?»

«አባቴ ከጣሊያን መኮንን ማዕድ ላይ የማረካት ናት ይላል።»

ውኃው ትን አለኝ። «መቼ ነው አባታቸው የማረኳት?»

«ይህን ስንጠይቀው ወሬ ይቀይራል። ዘመን አይጠራም።»

ተምሯል! ሽማግሌው ተምሯል።

አንድ ነገር ግን አላየም። ማንኪያዋ ጀርባዋ ላይ የቻይና ጽሕፈት አለባት። ለማንም አልተናገርኩም። እስከ ፋሲካ ትንሽ ትደግ።