ሦስት ጊዜ የፈረሰው ጎጆ

ልጄ ሆይ፣ ማለዳህ ብሩህ፣ መንገድህ የቀና ይሁንልህ። ከሁሉ አስቀድመህ ይህን እወቅ፦ ደህና ነኝ፤ የምጽፍልህም ይቅርታ ልጠይቅህ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መናፈሻው ውስጥ ካለው ኩሬ ዳር እቀመጣለሁ። ውሃው ላይ ባዘነበለች ቅርንጫፍ አንድ ቢጫ ወፍ ሣር እየሰነጠቀ ጎጆ ሲሠራ ከረመ። ሲጨርስ ሴቷ ትመጣና ገብታ ታያለች፣ በመንቆሯ ጎተት ጎተት ታደርጋለች፣ ከዚያ ጥላው ትሄዳለች። እሱም አፍርሶ እንደገና ይጀምራል። በሦስተኛው ሳላውቀው ጮክ ብዬ፣ «አንቺ፣ ምን ጎደለው? ግቢለት እንጂ!» አልኳት።

አትክልተኛው ሰምቶ ሳቀ። «እማማ፣ እሷም እንደ እርስዎ አስተማሪ ሳትሆን አትቀርም።»

የጎጆው ጥላ ውሃው ላይ ሲወዛወዝ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝና፣ ሠሪው አንተ መሰልከኝ፤ «እንደገና» የምለው ደግሞ እኔ። ያን ደብዳቤህን በቀይ እስክሪብቶ አርሜ ከመለስኩልህ ወዲህ አልጻፍክልኝም። ስህተት ስለቅም «እማዬ፣ ናፍቀሽኛል» ያልከው አመለጠኝ።

ትናንት ሴቷ አራተኛው ጎጆ ውስጥ ገባች፤ አልወጣችም። ሰሞኑን ዛፎቹ እየተከረከሙ ስለሆነ፣ አትክልተኛው ካርቶን ላይ «ይህ አይቆረጥ» ብሎ እንዲጽፍ ቀዩን እስክሪብቶ ሰጠሁት። መልስልኝ አላልኩትም።

እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክ። ልብስ ደርብ፤ ቁርስ ሳትቀምስ አትውጣ። ይህ እንደደረሰህ ቶሎ ጻፍልኝ፤ ደግሞ እንደመጣልህ ጻፍ።

እናትህ